ለአቤቱታ በተሸከምነው ድንጋይ ስለተሠራው ካብ

አዳማ፣ ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ይርዳው፣ የታች ሰፈር ሹም፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንደምን ነው? ሰባቱ በቅሎዎችዎስ? ውሃቸውን እየጠገቡ መሆኑን ከካቡ ማዶ ሆነን ስለምንሰማ ለእነሱ ብዙም አንሰጋም። እኛም ከጥማት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ጸሐፊው ቃሌን ያለሰልሰዋል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነውና ሆሄው ቢንጋደድ አይዩብኝ፤ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። ማኅተም ስለሌለኝም ሳላሽግ ከገበያው ዋርካ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለእርስዎ እስኪደርስ የቅዳሜ ገበያተኛ ሁሉ ቢያነበው፣ ያልተማረውም ቢነበብለት፣ ጥፋቱ የማኅተሙ ነው።

አንደኛ። የውሃ ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ ነን። ወሎዬው ባለሱቅ ሽኩር ገመዱን ሰጠ፣ ኦቦ ፉፋ ከነልጆቹ አፈሩን አወጣ፣ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ስለሆንኩ ከላይ ቆሜ አዘዝኩ። እርስዎ ተሹመው በመጡ በወሩ ውሃው ለበቅሎዎችዎ ሆድ ተስማሚ መሆኑ ታወቀና በእሾህ ታጠረ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በቅሎ፣ ቀጥሎ የበቅሎ ጠባቂ፣ ከተረፈ ሰው ይጠጣል። ክርስቲያን እስላም፣ አገሬው መጤው ሳይባል ሁላችንም እኩል መጨረሻ ሆነናል። ከእርስዎ በፊት የነበረ ሹም እንዲህ አድርጎ እኩል አላደረገንምና ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሁለተኛ። ስለዚህ ጉዳይ አርባ ያህል ሆነን፣ እያንዳንዳችን በጫንቃችን ድንጋይ ተሸክመን፣ ከደጅዎ ወድቀን አቤት አልን። ወጉን ያውቁታል። አቤት ባይ ጌታው አውርድ እስኪለው ድረስ ተሸክሞ ይቆያል፤ አውርድ ከተባለ አቤቱታው ተሰማ ማለት ነው። አጋፋሪዎ ወጥተው አውርዱ ሲሉን እልል ያልነው ለዚህ ነበር። ሴቶቹ እልልታቸውን ሳይጨርሱ ግን አጋፋሪው እጃቸውን ወደ ጉድጓዱ ዘርግተው፣

«እግዜር ይስጥልን፣ ካብ ልንሠራ ድንጋይ ቸግሮን ነበር፤ እዚያ ደርድሩት» አሉን።

ሰው እልል ካለ በኋላ እንቢ ማለት ያሳፍረዋል። ደረደርን። በሳምንቱ ነገሩ በስህተት የሆነ ነው ብዬ ሰዉን አሳምኜ፣ ተለቅ ተለቅ ያለ ድንጋይ አሸክሜ ተመለስኩ፤ ካቡ ደረት ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት ኦቦ ፉፋ ባዶ እጁን መጣና፣ «አያ አብተው፣ አንዴ ደግሞ አቤት ካልን የበቅሎዎቹን ቤት ጣሪያ አድርሰን እንመለሳለን» አለኝ። ወግ የማያውቅ ብዬ ተቆጣሁት። ያን ቀን ካቡ ከራሴ በላይ ሆነ። ፉፋ ልክ ነበር፤ ይህን ቃል ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሦስተኛ። ሚስቴ መሰለች ካረፈች ወዲህ ውሃ የምትቀዳልኝ ጎረቤቴ ከሪማ ናት። አሁን ካቡ ጉድጓዱን ስለዘጋብን ሴቶቹ ሳይነጋ ተነሥተው አዋሽ ይወርዳሉ፤ የሚመለሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከሪማ እርጉዝ ናት፣ ስምንት ወሯ ነው። በዚህ ሆዷ ለእኔ አትሸከምም ብዬ እንስራውን በገዛ ጀርባዬ አዝዬ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ወንዱ ሳቀ፤ የበቅሎ ጠባቂዎ እንኳ ቀሚስ ላውስዎ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ደግነቱ ይመርቁልኝ። እኔን ያሳፈረኝ ግን የእነሱ ሳቅ አይደለም። ጉድጓድ ባልነበረበት ዘመን መሰለች ሠላሳ ስምንት ዓመት ያንን እንስራ ስትሸከም እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ምን አቆየሽ እያልኩ እጠይቃት ነበር። መልሱን አሁን ጀርባዬ ነገረኝ። ለዚህ ትምህርት እርስዎን አመሰግናለሁ፤ እንስራውንም ሲፈልጉ አውስዎታለሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ቀለም የምበጠብጥበት ውሃ አለቀብኝ።

ልመናዬ አንድ ነው። ከሪማ ሳትወልድ ካቡ በእኛ በኩል በር ይውጣለት። አራስ ቤት ውሃ ይፈልጋል፤ አዋሽ ደርሶ እስኪመጣ የሚታገሥ ሕፃንም እስከ ዛሬ አላየሁም።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ ካብዎ ከፍ፣ ልብዎን እንደ በቅሎዎችዎ የውሃ ገንዳ ሰፋ ያድርግልኝ እያልኩ፣ ከሰባት በቅሎ ኋላ ተራዬን በትዕግሥት የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ አብተው ገሠሠ

የተረሳ ቃል፦ ካቡ ስለሞላ ከእንግዲህ ድንጋይ ይዛችሁ እንዳትመጡ ብለው ማዘዝዎን ሰምተናል፤ ትእዛዝዎን ተቀብለናል። የፊታችን ማክሰኞ ባዶ እጃችንን እንመጣለን። አቤቱታችን እስካሁን ስላልተሰማ እያንዳንዱ ሰው የተሸከመውን ድንጋይ አንሥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ የራሴን አውቀዋለሁ፤ ከማዕዘኑ ሥር ያለው ቀዩ ነው። ከላዩ ያሉት ቢናዱ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በቅሎዎቹን ግን ራቅ ያድርጉልን፣ እነሱ ምንም አላጠፉም።