ላጭቶ ሹሩባ ፍለጋ

አንቺ ጉንዳን፣

እንቅልፍ ጥሎሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም። እንቁላሉን ድስት ውስጥ ከድኜልሻለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል፤ ባልዲው ሳይሞላ ድፊው። ዝናብ ይመጣል መሰለኝ፣ ጃንጥላውን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩትን ፎቶ አየሽው?

አዎ፣ የእኛው ሴሎች ናቸው! አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነውልሻል። ያ ከአንድ ኢንዛይም በቀር ዘመድ የማያውቀው፣ የያዘውን አረንጓዴ የሚያበራው አንቲቦዲሽ፣ ኢንዛይሙን ሴሎቹ ላይ አንድም ሳያስቀር ለቅሞ ይዞታል። ያው "ከፍሪጅ ውጭ አሳድረሽ አበላሸሽው" ተብሎ ላቦራቶሪ ሙሉ ሰው ፊት የተጮኸብሽ አንቲቦዲ።

ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የማላቀቂያው ፈሳሽ፣ የትሪፕሲኑ ነው። ሴሎቹን ከሳህኑ አላቃለሁ ብሎ፣ ላያቸው ላይ ያለውን ኢንዛይም ሙልጭ አድርጎ በላው። ከዚያ በኋላ አንቲቦዲው ምን ይያዝ? ራስ ላጭቶ ሹሩባ መፈለግ ማለት ይሄ ነው። ትሪፕሲኑን ማን እንደጨመረው አሁን አናንሳው። ትናንት ግን በጎማ መፋቂያ ቀስ አድርጌ ሳነሳቸው፣ ቦግ!

በነገራችን ላይ፣ ሰሞኑን ተናደሽ በር ስትዘጊ ቤቱ ሲናወጥ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እሱንም ይዤብሻለሁ።

አለቃችን የጠዋቱ ስብሰባ ላይ "አንቲቦዲውን ማን አበላሸው?" ብሎ አንቺን ሊያቆምሽ ነው። ቀድሜሽ የወጣሁት ለዚያ ነው፤ ትሪፕሲኑን የጨመረችው ማን እንደሆነች እኔው እነግረዋለሁ።

አንቺ እንቁላልሽን በደንብ ብዪ። በሕይወትሽ አንድ ቀን እንኳን አርፍደሽ ነይ።