የታንጉ አጥር

አፉላ፣ እስራኤል፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለእታለም ዘቢደር፣

ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ? ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሰው ቀስ ብሎ ያንብብልዎ። ጎረቤትም አጠገብዎ ይቀመጥ።

ሰሞኑን ሁለት ጊዜ ሲደውሉ "ታንጉ ተኝታለች" ያልሁዎ ውሸት ነው። በስልክ ልነግርዎ ድምፄ እምቢ አለኝ።

እህትዎ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መርሳት ጀምራ ነበር። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ትረሳ ነበር፤ ኋላ የልጆቻችንን ስም። የሰፈራችን ሕንፃዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ቤቷን የምትለየው በደጃችን አጥር ላይ በተንዠረገገው ሐምራዊ አበባ ብቻ ነበር። የሰፈሩን አጥርና ዛፍ የምከረክመው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሁሉን ስገርዝ፣ ያን አጥር ጫፍ ጫፉን ብቻ ነካክቼ አልፈው ነበር።

ዘንድሮ ኤያል የሚባል አዲስ አለቃ መጣ። "ፈንታ፣ ይሄ መተላለፊያውን ዘግቷል። እስከ ጉልበት ቁረጠው" አለኝ። "ሚስቴ ታማለች፣ ቤቷን የምታውቀው በዚህ ነው" ማለት ነበረብኝ። ሠራተኞቹ ቆመው ያዩኛል። አፈርሁ። በታንጉ ሕመም አፈርሁ፣ እታለም። "በሴዴር፣ እሺ" አልሁና መጋዙን አስነሣሁ። እሷ ፎቅ ላይ ተኝታ ነበር። እሾሃሙን ቅርንጫፍ ጭነን ወደ ሌላ መንገድ ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ታንጉ እስከ ሱቁ ደርሳ ስትመለስ፣ ጎረቤታችን መነን ደጅ ላይ ቆማ አገኘቻት።

"ታንጉ፣ ግቢ እንጂ፤ ብርድ ነው።"

"የኔ ቤት አበባ አለው። ይሄ የሰው ቤት ነው" ብላ መንገዷን ቀጠለች።

መነን ልትደውልልኝ ስልኳን ለማምጣት ገባ ብላ ስትወጣ ታንጉ የለችም።

አውቶቡስ ጣቢያውን፣ መሀል ከተማውን፣ ፖሊሱም እኛም አሰስን። በሦስተኛው ቀን ከኢንዱስትሪ ቀጠናው ማዶ፣ እርሻ መሀል፣ ቦይ ዳር አገኘናት። ዝናቡና ብርዱ ገድሏት ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ በጎኗ ተኝታለች፤ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ አስቀምጣዋለች፣ ቤት እንደ ገባ ሰው።

ቀበርናት። ሰባቱን ቀን ሐዘን ስንቀመጥ፣ ልጆቹ አጥሩን ማን እንደ ቆረጠው አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። ያውቃሉ። ዓይኔን ግን አያዩኝም።

ትናንት ሥራ ገባሁ። ኤያል ከመኪናው ወርዶ አቀፈኝ። "ለምን አልነገርኸኝም፣ ፈንታ? አንድ አጥር እኮ ነው። እተወው ነበር" አለና አለቀሰ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። እተወው ነበር አለኝ፣ እታለም! ይህን ቃል ይዤ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

እግዚአብሔር ለርስዎ ጽናቱን ይስጥዎ፤ እሷን ያሳደገ እጅዎንም ይባርክ። ለኔ ግን አይለምኑልኝ።

እህትዎን አደራ ብለው የሰጡኝ፣
ፈንታ