ያጠፋሁት የያምሮት ተረት

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ለእትየ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? ያ በሳሙና የተላላጠ እጅሽስ ዳነ? የማዳምሽ ልጆች እንዴት ናቸው? ትንሹ አሁንም የእማየን ሰላምታ እየደገመ ያስቅሻል? እኔና ያምሮት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ያምሮት አድጋለች፤ የባለፈው ዓመት ዩኒፎርሟ እጅጌው ክንዷ ላይ ቀርቷል። ስትቆጣ አንቺኑ ትመስላለች፣ አፍንጫዋ ይነፋል። ሰሞኑን ደግሞ አፍንጫዋ ተነፍቶ ነው የከረመው፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ተቆጥተሽኛል። አውቃለሁ። ባለፈው ስትደውይ የልጄን ተረት ምን ቢቆጭሽ ነው ከኢንተርኔት ላይ ያጠፋሽው፣ ከሷ ሌላ ምን አለኝ፣ እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብሁ አንቺ ምን ጎደለብሽ አልሽኝ። ዝም ስልሽ ጊዜ ድምፅሽ ተለወጠ፤ እማየ ትሙት ብለሽ ማይልኝ፣ ምንም አልተፈጠረም በይኝ አልሽኝ። እኔም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አልሰማሽም፣ አልሰማሽም እያልሁ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደኅና ነበር፣ እትየ። ቁጭ ብየ ስልኩን ታቅፌ አለቀስሁ።

ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ልጻፍልሽ። በሞትሁት፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለሽ እንዳታይ! አመልሽን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆነን እማየ ተረት ስትጀምር ጅቡ ይሞታል አይሞትም እያልሽ አፏን የምትይዣት አንቺ ነበርሽ።

የኔን ተማሪዎች ታውቂያቸዋለሽ፣ ነግሬሻለሁ። እንግሊዝኛ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ጽሑፋቸው ያስቀናል። ከራሳችሁ አንድ ነገር ጻፉ ስላቸው ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ያንኑ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ተማሪ ነኝ፣ እስክርቢቶ አለኝ። እስክርቢቶ የሌለው ልጅ ሳይቀር እስክርቢቶ አለኝ ብሎ ይጽፋል። ይህን እያረምሁ ላረጅ ነው ብየ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ለሥልጠና ስንሄድ አንድ ድረ ገጽ አሳዩን። ሥዕል ትመርጫለሽ፣ ከሥሩ ትጽፊያለሽ፣ በራስሽ ድምፅ ታነቢበታለሽ። ሲያልቅ እንደ መጽሐፍ እየተገለጠ የትም ሀገር ያለ ሰው ያነበዋል፣ ይሰማዋል፣ ካሻውም ሁለት መስመር ጽፎልሽ ይሄዳል። እኔ ነገር ሲገባኝ መቀመጥ አልችልም፤ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት ልጆቹን ኮምፒውተር ክፍል አጎርኋቸው።

ወይ ጉድ! ከኮምፒውተሮቹ የሚበዙት አይነሡም፤ የተነሡት ላይ እየተደራረቡ ተቀመጡ። ድረ ገጹ ያቀረበው ሥዕል ደግሞ ሁሉም የፈረንጆቹ ሀገር ነው። በረዶ፣ ግንብ፣ ቀይ ኮት የለበሰ ድብ። አንዱ ድቡን ፍኖተ ሰላም ገበያ አምጥቶ ማንጎ አስመረጠው። ያምሮት አያት ብላ ብትፈልግ መነጽር ያደረገች፣ ድመት ያቀፈች ፈረንጅ መጣችላት። ይህችማ አያት አይደለችም ብላ ክፍሉ መካከል ተነሥታ ቆመች። እውነቷን ነው። በሉ እንግዲህ የራሳችሁን ሥዕል በወረቀት ሥላችሁ አምጡ፣ እኔ በስልኬ አንስቼ አስገባላችኋለሁ አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ! የላህን ወንዝ ሣሉ፣ ሚኒባስ ሣሉ፣ ግቢ ላይ የተሰጣ በርበሬ ሣሉ። ከሥሩ የሚጽፉትን ቃል ለመጠየቅ እስከ ቤቴ ድረስ ይከተሉኝ ጀመር። በቀይ ብሰርዝባቸው ግድ የማይሰጣቸው ልጆች፣ ሰው ያነበዋል ሲባል አምጪው ገና አላማረም እያሉ ከእጄ ይነጥቁኛል። እኔም እዩ፣ ከሌላ አትገልብጡ፣ ቤታችሁ ያያችሁትን ጻፉ፣ ያየ ሰው ቃል አያጣም አልኋቸው። ይህን ንግግሬን ልብ በይልኝ፤ በኋላ ዞሮ እኔኑ ነው የጠለፈኝ።

ያምሮት አያቷን ይዛ መጣች። በየሳምንቱ መጨረሻ እማየ ዘንድ ቡሬ ስንሄድ፣ እሷን መደቡ ላይ አስቀምጣ ስልኩን ትደግንባታለች። መጀመሪያ ቀን ተረቱ በርበሬ ሊገዛ ቡሬ ገበያ የወጣው ጅብ ነበር። እማየ ይህን የሚሰማው ማን ነው አለች። ያምሮት የዓለም ሰው ነው አለቻት። እንግዲያ ሰላም ሳይሉ ተረት መጀመር ምን ያለ ብልግና ነው ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። እንደምን አላችሁ፣ ልጆቹ እንደምን ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ዝናቡስ በደኅና ገባላችሁ፣ የታመመ ቢኖር እግዜር ይማርላችሁ። ጅቡ ገበያ ሳይደርስ የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ! ከዚያ ነው ተረት ተረት የምትለው፣ ያምሮትም የላም በረት ብላ የምትመልስላት። ልጅሽ የላም በረቱን ሳይቀር እንግሊዝኛ አድርጋ ጻፈችው። ከየት ሀገር እንደሆነ እንጃ አንድ ሰው ላሟ ኋላ የት ገባች ብሎ ቢጠይቃት፣ ላሟማ በረቷ ውስጥ ናት ብላ መለሰችለት። እንዲህ እየሣቅን ነበር የሰነበትነው።

አንቺም የዚያን ሰሞን ደስታሽን ነግረሽኛል። እንግሊዝኛውን የማዳምሽ ትልቋ ልጅ እንደምታነብልሽ፣ አዲስ ተረት በወጣ ቁጥር ስልክሽ ሲጮህ ማሰሮው እሳት ላይ እንዳለ ጥለሽ እንደምትሮጪ። ተረቱን ትቼ ሰላምታዋን ብቻ ደጋግሜ እሰማለሁ ብለሽኝ ነበር። ለእማየ ስነግራት ምስኪን፣ እሷን ለይቼ ሳልጠራት አለችና ከዚያ ወዲያ በየተረቱ የቤይሩቷ ልጄ እንደምን አለሽ ሳትል አትጀምርም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሳል ያዛት። ይህን ነግሬሻለሁ። ሐኪም ዘንድ አምጥተን ተሽሏት ተመለሰች፤ ይህንም ነግሬሻለሁ። ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ እንደገና እንደጣላት ግን አልነገርሁሽም። ፍኖተ ሰላም እኔ ጋ አምጥቼ አስታመምኋት። ቤቴ ውሰዱኝ፣ ደጄን ልየው አለች። ወሰድናት። መደቧ ላይ ተኝታ ያምሮትን ጠራችና እነዚያን ሰዎች ሰላም ሳልላቸው ሰነበትሁ፣ ምን ይሉኛል አለቻት። ያምሮት ስልኩን አፏ አጠገብ ያዘችላት። ተረቱን አላወራችም፤ ትንፋሿ አልበቃም። ሰላም አለቻቸው ብቻ። አንቺን መጨረሻ ላይ አደረገችሽ።

እትየ፣ ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰው ሞላው። ቤቱ ስላልበቃ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። በዚያው ሰሞን ደውለሽ እማየን አገናኙኝ ስትይ፣ ጸበል ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ አይሠራም ያልንሽ አያ እጅጉ እንዲያ በሉ ብለውን ነው። አጎታችንን ታውቂያቸዋለሽ፤ አይጮኹም፣ ያሉት ግን አይታጠፍም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ በሰው ሀገር ብቻዋን ግድግዳ ልትመታ ነው ወይ፣ ሰው እስክናገኝ ዝም በሉ አሉን። ዝም አልን። የሰው ሁሉ አፍ ተያዘ፣ ጎረቤቱ፣ እድርተኛው ሁሉ።

የያምሮትን እጅ ግን ማንም መያዝ አላሰበም። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጥግ ተቀምጣ ሥላ፣ ስልኬን ከቦርሳየ አውጥታ፣ ራሷ ጽፋ ራሷ አወጣችው። ያለ እኔ የጻፈችው የመጀመሪያ ተረቷ ነው። ቤታችን ሰው ሞልቷል ይላል ርእሱ። ድንኳኑን ሥላዋለች፣ አያ እጅጉን ጭንቅላታቸውን ይዘው ሥላቸዋለች፣ ሴቶቹን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሥላቸዋለች። ጥለቱን እንኳ አልረሳችም፣ ቀይና አረንጓዴ ቀብታዋለች። ባዶውን መደብም ሥላዋለች። ከሥሩ የጻፈችው እንግሊዝኛ አንድም የሚታረም የለውም። እኔ ሳየው አንድ የማላውቀው ፈረንጅ ቀለሙ እንዴት ያምራል፣ ሠርግ ነው ወይ ብሎ ጽፎበት ነበር። አንቺ ብታይው መጠየቅ አያሻሽም።

ያን ጊዜ የታየኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ያች የማዳምሽ ትልቋ ልጅ ወጥ ቤትሽ ገብታ ነገሩ ሳይገባት እየሣቀች ስታነብልሽ ታየኝ። ደረትሽን ስትመቺ እጅሽን የሚይዝሽ ሰው ሳይኖር፣ ጩኸትሽን ሰምታ ማዳምሽ ስትቆጣሽ ታየኝ። ወዲያው አጠፋሁት። ተረት ወጣ የሚለው መልእክት ግን ቀድሞኝ አንቺ ዘንድ ደርሷል። ከፍተሽ ባዶ ያገኘሽው ለዚህ ነው።

ያምሮት ስታውቅ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቤታችሁ ያያችሁትን ጻፉ ያልሽው አንቺ አይደለሽም ወይ፣ እናቴ እኮ የሷም ልጅ ናት፣ ለምን እንግዳ ታደርጓታላችሁ አለችኝ። ትምህርት ቤት ስንመለስ ወረቀቷን ሰበሰብሁ። እኔ ተማሪ ነኝ፣ እስክርቢቶ አለኝ ብላ ጽፋለች። እዚያው ሰሌዳው ፊት እንባየ መጣ፣ ጠመኔ ገባብኝ ብየ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ከራሷ አልጻፈችም።

ለፋሲካ ጓደኛሽ ወለተ ሥላሴ ከቤይሩት ለእረፍት ደምበጫ መምጣቷን ስንሰማ፣ ከአያ እጅጉ ጋር ገሥግሠን ሄድን። ነገሩን ስንነግራት አንቺን ስለምታውቅሽ አብራን አለቀሰች። ደብዳቤውን እጅ በእጅ እሰጣታለሁ፣ እሑድ እረፍቷን ጠብቄ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ አስቀምጬ ነው እንጂ ሌላ ቀን አልሰጣትም ብላ ቃል ገባችልን።

አሁን ቀና በይና ዙሪያሽን እይ፣ እትየ። የሀገር ልጆች ምነው ዛሬ እንዲህ በረከቱ ብለሽ ይሆናል። እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ወለተ ሥላሴ አጠገብሽ ናት አይደል? እጇን ያዢ። ከደብዳቤው ጋር የእማየን ነጠላ ልኬልሻለሁ፤ ሳላጥበው እንዲሁ ነው የላክሁት። ወለተ ሥላሴ ታልብስሽ፣ እንዴት እንደሚለበስ ታውቃለች። አልቅሺ። አይዞሽ አልልሽም፤ እኔ እንኳ ድንኳን ሙሉ ሰው ይዞኝ አልቻልሁም።

ስትረጋጊ ወለተ ሥላሴ ትደውልልናለች። ሥዕሎቹ ስልኬ ላይ ነበሩ። ሰው አጠገቧ ሆኖ ነው የምታየው ስላት ያምሮት አፍንጫዋ ሟሸሸ፤ ተቀምጣ ሁሉንም እንደገና ጻፈችው፣ አንድ ገጽም ጨመረችበት። የሚወጣበትን ቁልፍ የምትጫነው እሷ ናት፣ እኔ እጄን አላስገባም። መጀመሪያ የእማየን ሰላምታ ትሰሚያለሽ፤ እስከ መጨረሻው ስሚው፣ አንቺ መጨረሻ ላይ ነሽ። የመጨረሻው ገጽ ሥዕል የለውም። ያምሮት ራሷ ተረት ተረት ትልና ዝም ትላለች። ቀረጻው ግን መሮጡን አያቆምም። የሚመልስ ከሌለ የሰማው ሰው ድምፁ ተበላሽቷል ይላል፣ እኔ ልመልስልሽ ብላት አይሆንም፣ እሱ የእናቴ ቦታ ነው አለችኝ።

መልሺላት፣ እትየ።

የሁላችንንም እንባ የሚያብስ አምላክ እጁን አይንፈግሽ። እማየ በየተረቱ የመረቀችሽ ምርቃት ይድረስሽ፤ በሄድሽበት ሰው አይጣሽ፣ ልጅሽን በዐይንሽ ያሳይሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

መደቡ ላይ አብራሽ ተረት የሰማች
ታናሽ እኅትሽ