ከፍል ውኃ ለተመለሱት የመጋዘን ኃላፊ፦ ከሥራ በፊት ለቅሶ ይድረሱ

ቆቦ፣ ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ የእርዳታ እህል መጋዘን ኃላፊ

ግልባጭ፦ በመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ (ማንበብ ለማይችለው እኔው አነብለታለሁ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ምንም እንኳ ባለፈው ሰኞ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ፊትዎ ወዝቶ ጉንጭዎ ሞልቶ ስላየነው መልሱን ባናጣውም። በእኛ በኩል፣ የተረፍነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ በድረዲን እባላለሁ። ከመጋዘንዎ ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተቀምጬ ለሰው አቤቱታ የምጽፍ፣ የሰፈራችን መቀባበሪያ ማኅበር የቅሬውም ጸሐፊ የሆንኩ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ለእርስዎ የጻፍኩት ሁሉ በሌላ ሰው ስም ስለነበረ፣ መልስ ያጣሁት ምናልባት በዚያ ይሆናል ብዬ ዛሬ በራሴ ስም መጻፌ ነው።

በቅድሚያ ስለ ዕረፍትዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስንዴ የጫኑት ሁለት መኪናዎች በደረሱ ዕለት ጆንያውን እኛው ተሸክመን አስገባን፤ እርስዎም በሩን በገዛ እጅዎ ቆለፉ፤ በማግስቱ ኅዳር ፲፯ ቀን ቁልፉን በኮት ኪስዎ እንደያዙ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ሄዱ። ምክትልዎ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጁን አጣምሮ ከእኛ ጋር በሩን ሲያይ ከረመ። ሆኖም ቁልፉም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ዕረፍት ሳያስፈልገው አይቀርም ብለን ተጽናንተናል። አሁን እርስዎም ቁልፉም በሰላም ስለተመለሳችሁ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ጉዳዮች በትዕግሥት እንዲመለከቱልን እለምናለሁ።

፩ኛ. ከዕረፍት የተመለሰ ሰው ቀስ በቀስ ካልሆነ በቀር ወደ ሥራው ሊገባ እንደማይገባ፣ አለዚያ ሰውነቱ እንደሚጎዳ ሐኪም መክሮዎት፣ ይህን ሳምንት እንኳን ደህና መጡ ለሚሉ እንግዶች፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ጠረጴዛዎን ለማስተካከል፣ ሦስተኛውን ሳምንት የተከማቸ ደብዳቤ ለማንበብ መድበው፣ መጋዘኑ በአራተኛው ሳምንት እንዲከፈት መወሰንዎን ዘበኛዎ አቶ ሞላ አንገቱን ደፍቶ ነግሮናል። ቀስ ማለትን እኛም እናውቃለን። ብዙ ቀን የተራበ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጠግቦ ቢበላ ይሞታልና በማንኪያ እያቀመሱ ይጀምሩለታል። ልዩነታችን እኛ በማንኪያ የምንጀምረው እህሉ ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው።

፪ኛ. የቆቦ ሙቀት እንደከበደዎ፣ ከምሳ በኋላ የመተኛት ልማድም ከሶደሬ ተከትሎዎት እንደመጣ ሰምተን ከልብ አዝነናል። ከሮቢትና ከጎብዬ በእግራቸው መጥተው በርዎ ላይ የተቀመጡትንም ይኸው ልማድ ይዟቸዋል። አንዳንዶቹ ስንቀሰቅሳቸው አይነሱም። የቅሬያችን አባል ባይሆኑም እኛው ቀብረናቸዋል።

፫ኛ. የተረጂዎቹ ዝርዝር ከዕረፍትዎ በፊት የተጻፈ ስለሆነ አርጅቷል፣ አዲስ ይጻፍ ማለትዎ ተገቢ ነው። ጽፌዋለሁ። አጥሯል። ሥራዎን ስላቀለልንልዎ ደስ ይበልዎት።

፬ኛ. ወደ ዕለት ኑሮ መመለሱ እንዲህ ከብዶዎት ከሆነ፣ በእኛ አገር መንገዱ የታወቀ ነው። ከሩቅ የተመለሰ ሰው ሻንጣውን አስቀምጦ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ እሱ በሌለበት ሰው ለሞተበት ቤት ለቅሶ መድረስ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ሳያደርግ ገበያ ቢወጣ ቀና ብሎ የሚያየው አይኖርም። እርስዎም ወደ ቆቦ በመጡ ዓመት፣ ሰው በአገሩ ብቻውን አይሞትም ብለው ቅሬያችን ውስጥ ገብተው በመዝገቡ ላይ ፈርመዋል፤ ፊርማዎ እኔ ዘንድ አለ። ስለዚህ እንደ ጸሐፊነቴ፣ በሌሉበት ሃያ አንድ ቀን ሰው የሞተባቸውንና ለቅሶ የሚደርሱባቸውን ቤቶች ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሠላሳ አራት ቤት ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት የውዱን ቤት ነው። ውዱን ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ዕለት ዘጠኝ ጆንያ ስንዴ በትከሻው ተሸክሞ ከመጋዘንዎ ያስገባው ረጅሙ ሰው ነው፤ እርስዎም ጎበዝ ብለው ጀርባውን መታ መታ አድርገውታል። በሄዱ በአሥረኛው ቀን ሞተ። ሚስቱ ዓሊማና መቆም የተሳናት ልጁ ራህመት አሉ። ዓሊማን ምን ብዬ ላመልክትልሽ ብላት፣ ውዱ ያስገባው ስንዴ መሆኑን ብቻ ጻፍልኝ አለችኝ። እኔ ሃያ ዓመት አቤቱታ ስጽፍ ከዚህ ያጠረ አልሰማሁም። እዚህ ላይ ቀለሙ ስለፈሰሰ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለቅሶ ደግሞ በባዶ እጅ እንደማይደረስ ያውቃሉ። በደህናው ጊዜ ስንዴ ቀቅለን ንፍሮውን በሰፌድ ይዘን እንሄድ ነበር። ዘንድሮ ከእርስዎ በቀር የሚቀቀል ነገር ያለው ሰው በሰፈሩ የለም። ስለዚህ መጋዘኑን ከፍተው ለየቤቱ የሚሆነውን ይዘው ቢወጡ፣ ለመሸከም የቀረነው እንበቃለን። ከዕረፍት ሳያገግሙ ሥራ ጀመሩ ብሎ ሐኪምዎ እንዳይቆጣ አይስጉ፤ ይህ ለቅሶ እንጂ ሥራ አይደለም።

ሶደሬ ያወረዛው ፊትዎ ሳይደርቅ፣ ኪስዎ ያለው ቁልፍም ሳይዝግ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ ዱዓ እያደረግሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ከግራሩ ሥር እጅ እነሣለሁ።

በድረዲን
አቤቱታ ጸሐፊ፣ የቅሬውም ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ቤቶቹን የደረደርኩት በሞት ቀን አይደለም። ያስቀደምኩት ለቅሶዎን የሚቀበል ሰው እስካሁን ያለበትን ቤት ነው፤ በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ቤቶች አላህ ያጽናችሁ ቢሉ አሜን የሚልዎ አያገኙም። ከዓሊማ ቤት ዛሬ ጠዋት ደርሼ ነበር፤ እናትና ልጅ ሁለቱም አሉ። ነገ ቢመጡ ተነሥታ ትቀበልዎታለች። በዕቅድዎ መሠረት በአራተኛው ሳምንት ከመጡ ግን ደጅ ቆመው አይጣሩ፣ ራስዎ ከፍተው ይግቡ። የእሷ በር ቁልፍ የለውም።