ስምንት አረንጓዴ አበቦች

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ ዑበይዱላህ። ይህ ደብዳቤ ጅዳ በሰላም ይድረስህ። ኔትወርክ ስለጠፋ በሰው እጅ ልኬዋለሁ። እኛ እዚህ ይጁቤ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ሱቁም ደኅና ነው።

ባለፈው ሳምንት እማ ብቻዋን ወጥታ ነበር። ጎረቤታችን ኡሙልኸይር በድሮ ቤታችን በር ላይ ቆማ አግኝታት ይዛት መጣች። ሰፈሩ ናፍቋት ይሆናል። አሁን ሱቅ ስሄድ የግቢውን በር ከውጭ እቆልፈዋለሁ፤ ውሻ እንዳይገባ ነው።

ትናንት የዒዱን የወረቀት አበባ ሠራን። ወረቀቱን እንደ ድሮው ገዛሁ፤ ቀይ ለእማ፣ ቢጫ ለእኔ፣ አረንጓዴ ለአንተ። እጇን ታውቀዋለህ፤ ሳትለካ አጥፋ ትቆርጥና ስትዘረጋው አበባ ይሆናል። ያንተን ሠራችልህ፤ ክሩ ላይ ሰካሁት። ከዚያ "የዑበይዱላህን ደግሞ ልሥራ" ብላ አረንጓዴውን እንደገና አነሳች። እንዲህ እያለች አረንጓዴውን አበባ ስምንት አደረሰችው። ደስ ብሏት ስለነበር አላስቆምኳትም። ቀዩ ሳይነካ ቀረ።

ቢጫውን እኔው ቆረጥኩት፤ ጠማማ ወጣ። አይታው "ይቺ የማን ናት?" አለችኝ።

"የፈውዚያ ናት" አልኳት።

"ምነው ቆየች እሷ ልጅ?"

"እየመጣች ነው" አልኳት።

ዘጠኙንም በሩ ላይ ሰቅዬያቸዋለሁ። በዒድ ብትችል ና። ስትመጣ ግን ዝም ብለህ አትግባ፤ ደጁ ላይ ሆነህ ስምህን ተናገር። እማ አሁን እንደዚያ ነው የምትወደው።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ፈውዚያ