የአባትህ አጥንት የታጠበ ሰሞን

ልጄ አርጊሪስ፣ እንደምን ሰንብተሃል? መውጫ መግቢያህን ይባርክልህ፤ ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውለውን ዓይንህን ይጠብቅልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወይራው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ድመቷም እንደ ልማዷ አልጋህ ላይ ወልዳለች።

የቄሱ ልጅ ኤቫንቲያ እዚያ ሊዮን ከተማ ቤትህ ሁለት ቀን አርፋ ተመለሰች። ወንዙ ፊት ለፊት ያለውን ቤትህን አድንቃ አልጠገበችም። «ታድሎ እኮ፣ እማማ ጋሩፋሊያ! ደመወዙ ከአሜሪካ፣ ኑሮው ፈረንሳይ። አለቃው ‹ሥራው ይድረስልኝ እንጂ የትም ሁን› ብሎታል። ግንቦት ላይ እንኳ ሳምንቱን ሙሉ ፖርቱጋል፣ ባሕር ዳር ተቀምጦ ነው የሠራው» አለችኝ።

ግንቦት! የአባትህ ሦስተኛ ዓመት ሞልቶ፣ እንደ አገራችን ወግ አጥንቱን አጥበን ልናስቀምጥ ከመቃብር ያወጣነው በዚያው ሳምንት አይደለም? «አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ» ስላልከኝ፣ የራስ ቅሉን በወይን ያጠብኩት ብቻዬን ነው። «ልጁስ የት አለ?» ላለኝ ሁሉ አለቃህን ስከስ ዋልኩ።

አንተን አልረግምም፤ ይቅናህ፣ እደግ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ያንን አለቃህን ከግንቦት ጀምሮ በየእሑዱ ሻማ እያበራሁ ስረግመው ከርሜአለሁ። ለካ ደግ ሰው ኖሯል። «እናቴ ‹ይቅር በለኝ› ብላሃለች» በልልኝ።

እናትህ