ስሟን ያልጠራሁበት ጥሪ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሰባ ስምንት ሞላኝ። ደህና ነኝ። እንጨቴን እፈልጣለሁ። ማንኪራ ጫካ በእግሬ ደርሼ ቀፎዬን አያለሁ። ዛፍ መውጣት ብቻ ቀረ፤ እሱም ልጆቼ ስለጮሁብኝ ነው። አንተ ደብተር፣ ፊደሌ ቢወላገድም ቻለኝ። የአስቴር እናት ከሞተች ወዲህ የሚሰማኝ አንተ ነህ።

ከሰዓት። ማህሌት፣ የልጄ የአስቴር ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ እኔ ዘንድ ናት። ከባለሱቁ ልጅ ከከድር ጋር ጠረጴዛዬን ይዘዋል። ታሪክ እየፈጠሩ፣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ የሚሉት ባለቁጥር የፕላስቲክ ጠጠር እየወረወሩ ይጫወታሉ። እሷ ዳኛ ናት፤ ታሪኩን ትመራለች። በጨዋታው የሞተ ሰው መንፈስ ይጠራል አሉ። በፕላስቲክ! ሳቅኩባቸው። ኋላ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ነገ እኔም እገባለሁ አልኳቸው።

ኅዳር 7፣ እሁድ፣ ከቤ/ክ መልስ

ተጫወትኩ። የምጠራው ሚስቴን ነው። ማህሌት ቀድማ አስጠነቀቀችኝ። ጥሪው ከከሸፈ ሌላ ነገር መልኳን ለብሶ ይመጣል። ከጠሪው አንድ ትዝታ ይወስዳል። እሷም ዳግመኛ አትጠራም። አስራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከመጣልኝ ይበቃል፤ በስሟ ከጠራኋት ሦስት ይጨመርልኛል።

የአስቴር እናት አልኩ። አስቴር ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ነው የምጠራት። በኛ ጊዜ ሚስትን በስሟ መጥራት ነውር ነበር።

ከድር፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ስልክም እኮ ያለ ቁጥር አይጠራም!» አለ። ሳቅን። ስሟን ግን አላወጣሁም። በልጆች ፊት? ወረወርኩ። አስር፤ ከሸፈ።

ማህሌት የመጣውን ነገር ሆና ተናገረች። «ማን ብለህ ጠራኸኝ?» ድምጿ ቁርጥ የአያቷ። እሷ አላወቀችውም። የትኛውን ትዝታ ትሰጠኛለህ ስትለኝ ጮህኩባት። ጠረጴዛውን ገፋሁት፣ ዳይሱን ረገጥኩት። አለቀሰች። አባባ፣ ጨዋታ ነው፣ ድጋሚ ወርውር አለችኝ። እምቢ። ሕግ ሕግ ነው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አልበላሁም። ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ደጄ ድረስ መጥታ፣ የሚጠራት አጥታ የተመለሰች መሰለኝ። ጓሮ ወጥቼ ስሟን ልሞክር አልኩ። ጎረቤት በአጥር በኩል ሲያስል ሰማሁና ገባሁ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

እዳዬን ራሴ እከፍላለሁ፤ ልጆቼን አላስከፍልም። ለማህሌት ይቅርታ፣ ዛሬውኑ፣ ከምሳ በፊት። ለከድር አንድ ማሰሮ ማር፣ ለዳይሱ። ለእሷ፣ መቃብሯ ዘንድ ሄጄ፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ጮክ ብዬ ልጠራት ነው። ትመጣለች ብዬ አይደለም።

ብርቱካን።

ስሟን ጻፍኩት። አሁን በአፌ መጥራት ቀረ።